በር እያንኳኩ መሸጥና የጎዳና ንግድ በአሜሪካ፦ ስለ ፈቃድ፣ ደንብና ቅጣት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አገር ቤት ሱቅ በደረቴ ያዞረ፣ ጉልት የተቀመጠ፣ ወይም ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ላስቲኩን ከነዕቃው ጠቅልሎ የሮጠ ሰው አሜሪካ ሲገባ ንግዱ አዲስ አይሆንበትም። አዲስ የሚሆንበት ወረቀቱ ነው። እዚህም ደንብ አስከባሪ አለ፤ ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ስለሆነ ምሳሌዎቼ በብዛት ከዚሁ ናቸው። ኒውዮርክና ካሊፎርኒያን ያስገባሁት ደግሞ ነገሩን በደንብ ስለሚያሳዩ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው?

የምትሸጡበት ከተማ ነው። ከተማ ከሌለ ካውንቲው (በግዛቱ ሥር ያለ፣ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር)። ለመላው አሜሪካ የሚያገለግል የአዟሪነት ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ከተማ የፈቀደውን ድልድዩን ስትሻገሩ ሌላው ይከለክላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፖስታ አድራሻ ነው። አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» ስለሚል ብቻ ቦታው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው ማለት አይደለም። ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ ራሷን የቻለች ከተማ ናት፤ በየትኛውም ካውንቲ ሥር አይደለችም። ግን የአሌክሳንድሪያ አድራሻ ይዞ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ የሚገኝ ሰፈር ብዙ ነው። ሐበሻ የሚበዛበት ቤይሊስ ክሮስሮድስም አድራሻው «ፎልስ ቸርች» ይላል፤ የሚተዳደረው ግን በፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ከንቲባ ያላት ከተማ አይደለችም። ጉዳያችሁ የሚያልቀው ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። ጎረቤቷ ታኮማ ፓርክ ግን የራሷ ማዘጋጃ ቤት አላት።

ስለዚህ ጋሪ ከመግዛታችሁ በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ መንገድ የማን ነው?» የሚል ይሁን። አንድ የማውቀው ሰው በተቃራኒው ሄደ። መጀመሪያ ጋሪ ገዛ፣ ቀለም ቀባ፣ ስም አጻፈበት። ፈቃድ ሊጠይቅ ሲሄድ የጋሪው መታጠቢያ ለዚያ ካውንቲ አይበቃም ተባለ። ጋሪው ጋራዥ ውስጥ ሁለት ክረምት ተቀምጧል።

ላይሰንስና ፐርሚት አንድ አይደሉም እንዴ?

በአማርኛ ሁለቱንም «ፈቃድ» ስለምንላቸው ይምታታል። በጥቅሉ ላይሰንስ የሰውየው ወይም የንግዱ ነው። ፐርሚት የቦታው፣ የጋሪው ወይም የመኪናው ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ዲሲ ላይ የንግድ ላይሰንሱን የሚሰጠው የላይሰንስና የሸማቾች ጥበቃ መምሪያው ነው። የምትቆሙበትን ቦታ የሚፈቅደው የትራንስፖርት መምሪያው ነው። ምግብ ከሆነ የጤና መምሪያው ይጨመራል። ኒውዮርክ ደግሞ ምግብ ሻጩ የራሱ ላይሰንስ፣ ጋሪው የራሱ ፐርሚት ያስፈልገዋል። ላይሰንስ ኖሯችሁ ፐርሚት የሌለው ጋሪ ላይ ብትቆሙ ያው ያለ ፈቃድ እንደመሸጥ ነው።

ቅጹ ላይ «ፔድለር» እና «ሶሊሲተር» ይላል። እኔ የቱ ነኝ?

ዕቃውን ተሸክማችሁ እዚያው የምታስረክቡ ከሆነ ፔድለር ናችሁ፤ የኛው ሱቅ በደረቴ። ናሙና ወይም ካታሎግ አሳይታችሁ ትእዛዝ ተቀብላችሁ ዕቃው በኋላ የሚላክ ከሆነ ሶሊሲተር ናችሁ። ብዙ ከተማ ለሁለቱ የተለያየ ቅጽና ክፍያ አለው። ከተሳሳታችሁ የከፈላችሁት ላይመለስ ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት ሥራችሁን በቃል አስረድታችሁ ጠይቁ።

በር እያንኳኩ መሸጥ የተከለከለባቸው ከተሞች አሉ?

አሉ። ታሪኩም ደስ ይላል። በ1931 ዋዮሚንግ ውስጥ ያለች ግሪን ሪቨር የምትባል ትንሽ የባቡር ከተማ ያልተጠራ ሻጭ የሰው በር እንዳያንኳኳ የሚከለክል ደንብ አወጣች። ምክንያቱ ቀላል ነበር። የባቡር ሠራተኛው ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል፤ አዟሪው ደግሞ ቀን ቀን ያንኳኳል። ደንቡ በየከተማው ተቀዳ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለው ደንብ «የግሪን ሪቨር ደንብ» እየተባለ ይጠራል።

ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በ1951 ሉዊዚያና ውስጥ ባለችው አሌክሳንድሪያ (የኛዋ የቨርጂኒያዋ አይደለችም) የመጽሔት ደንበኝነት በየቤቱ ሲሸጥ የተያዘ ሰው ተከራከረ። ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ከተማዋ ሻጭን መከልከል ትችላለች አለ።

በ2002 ግን ሌላ ነገር መጣ። ኦሃዮ ውስጥ ስትራተን የምትባል መንደር፣ በር ለሚያንኳኳ ሁሉ ፈቃድ አውጣ ብላ ነበር። የይሖዋ ምስክሮች ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። ለሃይማኖትና ለፖለቲካ በር የሚያንኳኳ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣ ማስገደድ ከመናገር ነፃነት ጋር ይጋጫል ተባለ።

ይህን ፍርድ ሰምተው «እንግዲህ ፈቃድ አያስፈልግም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ተሳስተዋል። ሽቶ ወይም ምንጣፍ የሚሸጥ ሰው ሰባኪ አይደለም። ለንግድ ከሆነ ከተማው አሁንም ፈቃድ መጠየቅ፣ ሰዓት መወሰን፣ የኋላ ታሪክ ማጣራት ይችላል። ብዙዎቹ አሻራ ይወስዳሉ፤ ፎቶ ያለበት ባጅም ይሰጣሉ። ባጁን ኪስ ውስጥ አትክተቱት። አንገት ላይ ይንጠልጠል።

በሩ ላይ «ኖ ሶሊሲቲንግ» (ሻጭ አያንኳኳ) የሚል ቢኖርስ?

ዝለሉት። ፈቃድ ቢኖራችሁም ዝለሉት። በብዙ ከተሞች ያንን ምልክት አይቶ ማንኳኳት በራሱ ያስቀጣል። ባለቤቱ ውጡ ካለ በኋላ መቆም ደግሞ የሰው ግቢ ጥሶ መግባት ይሆናል፤ ያ ከንግድ ደንብ ያለፈ ክስ ነው።

አፓርትመንት ሌላ ነው። ኮሪደሩ የግል ንብረት ስለሆነ የከተማው ፈቃድ አያስገባችሁም። ማኔጅመንቱን መጠየቅ አለባችሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እምቢ ነው።

እስከ ስንት ሰዓት ይፈቀዳል?

እንደ ከተማው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያበቃ አለ፤ እስከ ማታው ዘጠኝ ሰዓት የሚፈቅድ አለ። ይህ በፈረንጁ ሰዓት ነው፤ በኛ ከምሽቱ ሦስት። ጨለማ ላይ የማታውቁትን ሰው በር ማንኳኳት፣ ሕጉ ቢፈቅድም እኔ አልመክርም።

ፍላየር በየፖስታ ሳጥኑ ባስቀምጥስ?

አይቻልም። ቴምብር ያልተለጠፈበትን ማስታወቂያ ሰው ፖስታ ሳጥን ውስጥ መክተት የፌዴራል ሕግ ጥሰት ነው። የምግብ ቤትም የታክስ ቢሮም ወረቀት ይሁን ለውጥ የለውም። የበር እጀታ ላይ ማንጠልጠል የተለየ ነው፤ እሱን የከተማው ደንብ ይወስነዋል።

ኩባንያ ቀጥሮ በየቤቱ ሶላር (ወይም ኢንተርኔት፣ ወይም አላርም) ሽጡ አለን። ፈቃዱ የእሱ ነው የኛ?

አዲስ የገባ ሰው የሚበዛበት ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እኔም የመጀመሪያውን በጋዬን ያሳለፍኩት በዚሁ ነው። ጠዋት በቫን ወስደው አንድ ሰፈር ያራግፉናል፣ ማታ ይለቅሙናል። ፈቃድ አለ ወይ ብዬ የጠየቅኩት ፖሊስ አስቁሞ ሲጠይቀኝ ነው። «ኩባንያው አለው» አልኩት። «ያንተን ነው የጠየቅኩህ» አለኝ።

በብዙ ከተሞች ኩባንያው ቢመዘገብም በር የሚያንኳኳው እያንዳንዱ ሰው የራሱ ባጅ ያስፈልገዋል። ቲኬቱም (የቅጣት ወረቀቱም) የሚጻፈው በእናንተ ስም ነው። ስለዚህ ቫኑ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት «ዛሬ የምንሄድበት ከተማ ባጄ የታለ?» በሉ። ሲያቅማሙ ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል።

ሁለተኛው ክፍያው ነው። የፌዴራሉ የሠራተኛ ሕግ ከመሥሪያ ቤት ውጭ እየዞረ የሚሸጥን ሠራተኛ ከዝቅተኛው ደሞዝና ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ ያደርገዋል። ማለትም ቀኑን ሙሉ ዞራችሁ ምንም ካልሸጣችሁ፣ ምንም ላይከፈላችሁ ይችላል፤ በፌዴራል ሕግ ይህ ጥፋት አይደለም። የግዛት ሕግ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ውላችሁ «ኮሚሽን ብቻ» የሚል ከሆነ ይህን እያወቃችሁ ፈርሙ።

የሸጥኩትን ዕቃ ገዢው በሦስተኛው ቀን መልሱልኝ አለ። መብት አለው?

አዎ፣ ሊኖረው ይችላል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ገዢ ሐሳቡን እንዲቀይር ጊዜ የሚሰጥ ደንብ አለው። ገዢው ቤት ውስጥ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሸጣችሁ እንደሆነ፣ ወይም እንደ ሆቴል አዳራሽና ኤግዚቢሽን ባለ ጊዜያዊ ቦታ 130 ዶላርና ከዚያ በላይ የሸጣችሁ እንደሆነ፣ ገዢው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ምክንያት መስጠት የለበትም። «ባለቤቴ ተቆጣችኝ» ቢልም አይጠየቅም።

አቆጣጠሩ ላይ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው። እሑድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም። ዓርብ ከሸጣችሁ፣ ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፤ ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ያበቃል። ከተሰረዘ በኋላ ገንዘቡን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለባችሁ።

ሻጩ ላይ ያለው ግዴታ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ስትሸጡ መብቱን በቃል መንገር፣ የመሰረዣ ቅጽ ሁለት ቅጂ መስጠት፣ ቀን ያለበት ውል ወይም ደረሰኝ መስጠት አለባችሁ። ውሉም ስትሸጡ በተናገራችሁበት ቋንቋ መሆን አለበት። አዎ፣ አንዲት እናት ቤት ገብታችሁ ቡና እየጠጣችሁ በአማርኛ አስረድታችሁ ከሸጣችሁ፣ ወረቀቱም በአማርኛ ይሁን ነው የሚለው። እንግሊዝኛ ወረቀት አስፈርሞ መሄድ አይበቃም። ይህ ለገዢም ለሻጭም ቢነገር ጥሩ ነው፤ በተለይ ለእናቶቻችን።

ሙሉ በሙሉ በስልክ፣ በፖስታ ወይም በኢንተርኔት ያለቀ ሽያጭ፣ የቤትና መሬት ሽያጭ፣ ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም ገዢው ራሱ ለአስቸኳይ ጥገና የጠራችሁ እንደሆነ ይህ ደንብ አይሠራም። አንዳንድ ግዛቶች ከሦስት ቀን የረዘመ ጊዜ ይሰጣሉ።

ኒውዮርክ ጎዳና ላይ ዕቃ መሸጥ አስቤ ነበር። ለምንድነው ላይሰንስ የለም የሚሉት?

ኮታ ስላለበት ነው። ከተማው በ1979 አጠቃላይ ሸቀጥ ለሚሸጡ የሚሰጠውን ላይሰንስ በ853 ገደበው። ወረፋው ለዓመታት አልንቀሳቀስ አለ። የምግብ ጋሪ ፐርሚት ደግሞ ከ1983 ጀምሮ 3,000 አካባቢ ላይ ቆመ። ኮታ ካለ ጥቁር ገበያ አለ። መንግሥት በ200 ዶላር የሚሰጠውን የሁለት ዓመት ፐርሚት ሰዎች እስከ 25,000 ዶላር ተከራዩት። የሚደክመው ጋሪው ላይ የቆመው፣ የሚያተርፈው ወረቀቱን የያዘው። መርካቶ ውስጥ ሱቅ አከራይቶ የሚኖር ሰው የምታውቁ እንደሆነ ነገሩ ይገባችኋል።

በ2021 የወጣ ሕግ በየዓመቱ 445 አዲስ የምግብ ፈቃድ ለአሥር ዓመት እንዲጨመር አዘዘ። የአዲሱ ፈቃድ ባለቤት ራሱ ጋሪው ላይ መገኘት አለበት፤ የተፈለገው ኪራዩን ለመግደል ነው። ሰው ፐርሚቴን ላከራያችሁ ሲላችሁ እሺ አትበሉ። ሲያዝ ጋሪያችሁ ይወሰዳል፣ ብሩም አይመለስም።

ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። መጽሐፍ፣ ጋዜጣና የሥነ ጥበብ ሥራ ለመሸጥ ያ ላይሰንስ አያስፈልግም፤ የመናገር ነፃነት ስለሚጠብቃቸው። የቀድሞ የጦር ሠራዊት አባላት ደግሞ በ1894 በወጣ የግዛቱ ሕግ ምክንያት ኮታው አይዛቸውም።

ፈቃዱን ካገኘሁ የፈለግኩበት መቆም እችላለሁ?

አትችሉም። ቲኬት በብዛት የሚቆረጠው በዚህ ነው። ኒውዮርክ ላይ ሸቀጥ ለሚሸጥ ሰው እግረኛ መንገዱ ላይ ያለው ክፍት መተላለፊያ ቢያንስ 12 ጫማ (3.6 ሜትር ገደማ) መሆን አለበት። ከሕንፃ መግቢያ 20 ጫማ መራቅ ያስፈልጋል። ጠረጴዛችሁ ከ8 በ3 ጫማ አይበልጥም። ዕቃን በቀጥታ መሬት ላይ መዘርጋት አይቻልም፤ ስለዚህ የኛ የላስቲክ ስልት እዚያ አይሠራም። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ተቆጣጣሪውም ይዞ ነው የሚመጣው።

ዋሽንግተን ላይ ናሽናል ሞል አጠገብ ቱሪስት ይበዛል። የዲሲ ላይሰንሴ ይሠራል?

ሞሉ የገበያ አዳራሽ ሳይሆን ሰፊ ሜዳ፣ የፌዴራል መሬት ነው፤ የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። የዲሲ ፈቃድ እዚያ ሣር ላይ ዋጋ የለውም። በራሱ ፐርሚት የሚፈቅደውም መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ በራሪ ወረቀት፣ ደረት ላይ የሚለጠፍ አርማና የመኪና ስቲከር ብቻ ነው። ቲሸርት የለበትም። ከሞሉ ወጣ ባለው የከተማ መንገድ ላይ ያሉት ጋሪዎችና መኪኖች በዲሲ ሕግ ሥር ናቸው። ለብዙ ዓመታት እነሱ ላይ ከሚሸጡት ሰዎች ብዙዎቹ ሐበሾች ነበሩ። ፈቃድ ከማውጣታችሁ በፊት ከእነሱ አንዱን ቡና ጋብዙና አነጋግሩ። ከድረ ገጹ የበለጠ ትማራላችሁ።

በነገራችን ላይ ዲሲ በ2023 ባጸደቀችው ሕግ ያለ ፈቃድ መሸጥ ወንጀል መሆኑ ቀርቷል። ቅጣት ግን አልቀረም።

ቤት የሠራሁትን በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ መሸጥ እችላለሁ?

ደረቅና የማይበላሽ ነገር ከሆነ ተስፋ አለ። ግዛቶቹ «ኮቴጅ ፉድ» የሚሉት ሕግ አላቸው። ከቤት ኩሽና የወጣ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ደረቅ ቅመም የመሳሰለውን ይፈቅዳል። ዝርዝሩ፣ የሽያጭ ጣሪያውና የሚሸጥበት ቦታ ከግዛት ግዛት ይለያያል። መለያ ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጠየቃል፦ ምን ምን እንዳለበት፣ አለርጂ የሚያመጣ ነገር፣ ቤት ውስጥ የተሠራ መሆኑ።

ወጥ፣ ክትፎ፣ አይብ ሌላ ዓለም ነው። የተቆጣጣሪው ቴርሞሜትር የሚፈልገው ትኩሱ ከ135 ፋራናይት እንዳይወርድ፣ ቀዝቃዛው ከ41 እንዳይወጣ ነው። እጅ መታጠቢያ ያስፈልጋል። ምግቡ ፈቃድ ባለው ኩሽና መሠራት አለበት። ጋሪው የሚታጠብበትና የሚያድርበት «ኮሚሰሪ» የሚሉት ቦታም ብዙ ጊዜ ግዴታ ነው፤ በየወሩ ኪራይ አለው። ወጪያችሁን ስታሰሉ ይህን እንዳትረሱት፤ ከፈቃዱ ክፍያ በላይ ኪስ የሚጎዳው እሱ ነው። ጋዝ ወይም ከሰል ካለም የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ይመጣል። ጀበና ቡና ለማፍላት ያሰባችሁ ይህ ለእናንተ ነው።

በሐምሌው የስፖርት ፌስቲቫል ላይ ድንኳን ተከራይቼ ብሸጥስ?

ከ1984 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ዝግጅቱን በየዓመቱ በተለያየ ከተማ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ አምና ያወጣችሁት የጤና ፈቃድ ዘንድሮ አይሠራም። ለአዘጋጁ የምትከፍሉት የቦታ ኪራይ ነው፤ የምግብ ፈቃድ አይደለም። ምግብ የምትሸጡ ከሆነ የዚያን ከተማ ወይም ካውንቲ የጊዜያዊ ምግብ ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሳምንት ሲቀር ስልክ ብትደውሉ የሚሰማችሁ የለም።

ታክስስ?

ግዛቱ የሴልስ (የሽያጭ) ታክስ ካለው ምዝገባ ያስፈልጋል። የፌዴራል የንግድ መለያ ቁጥር ነፃ ነው፤ ከፍላችሁ ከሚያወጡላችሁ ድረ ገጾች ተጠንቀቁ። በዓመት የተጣራ ትርፋችሁ 400 ዶላር ከደረሰ ታክስ ታሳውቃላችሁ። የራስ ሥራ ታክሱ 15.3 በመቶ ነው። ከገቢ ታክሱ ላይ ተጨማሪ ነው።

የሥራ ፈቃዴ ገና አልመጣም። የከተማው ፈቃድ ካለኝ ይበቃል?

አይበቃም። የከተማው የንግድ ፈቃድና የፌዴራሉ የሥራ ፈቃድ ምንም አያገናኛቸውም። ማዘጋጃ ቤቱ ስላልጠየቃችሁ ኢሚግሬሽን አይጠይቅም ማለት አይደለም። ጥገኝነት ጠይቃችሁ እየጠበቃችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃችሁን ጠይቁ፤ የጎረቤትን ምክር ሳይሆን።

ቲኬት ተቆረጠብኝ። ምን ላድርግ?

አትጣሉት። መልስ የምትሰጡበት ቀን ላዩ ላይ አለ። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ዕድለኛ ናችሁ። ከ2019 ጀምሮ የእግረኛ መንገድ ንግድ በመላው ግዛት ወንጀል አይደለም። ያለ ፐርሚት የተያዘ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ 250፣ ለሁለተኛ 500፣ ከዚያ በኋላ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ፐርሚቱን አውጥታችሁ ካቀረባችሁ ግን ወደ 100፣ 200 እና 500 ይወርዳል። የመክፈል አቅም እንደሌላችሁ ካስረዳችሁ ደግሞ ከተማው የቅጣቱን 20 በመቶ ብቻ ተቀብሎ መዝጋት አለበት። ይህን መብት ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የሎስ አንጀለሷ ትንሿ ኢትዮጵያ አካባቢ የምትሠሩ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ በራችን ላይ ሎሚናት መሸጥ ፈለገች። ለእሷም ፈቃድ ላውጣ?

ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ግን በአንዳንድ ከተሞች ልጆች በዚህ ምክንያት ተከልክለው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ዩታ በ2017፣ ቴክሳስና ኮሎራዶ በ2019 የልጆችን የሎሚናት ጠረጴዛ ከፈቃድ ነፃ የሚያደርግ ሕግ አወጡ። ሌላ ቦታ ያላችሁ ለከተማው ደውላችሁ ጠይቁ። ልጅቷ ስትሸጥ አባት አጠገቧ ሳምቡሳ ከደረደረ ግን ነገሩ የልጅ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።